አንበጣን በዝምታው ዘመን መጠበቅን ያስተማሩት ሰው

በደረሰ ማሽላ ላይ የአንበጣ መንጋ ሲያርፍ አርሶ አደሩ ከነቤተሰቡ ማሳው ውስጥ ይገባል። ጅራፍ ያጮኻል፤ ጣሳና ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ጭስ ያጨሳል። የወረዳው ባለሙያም የሚረጭ ኬሚካል ፍለጋ ስልክ ይደውላል። ይህ ሁሉ ሩጫ ግን መንጋው ከተፈጠረ በኋላ የሚደረግ ነው። ለመሆኑ መንጋው ከመፈጠሩ በፊት የት ነበር? ይህን ጥያቄ ይዘው ዕድሜያቸውን የፈጁት፣ ያገኙት መልስም አገሮች አንበጣን የሚከላከሉበትን አሠራር የለወጠው ተመራማሪ ሰር ቦሪስ ኡቫሮቭ ናቸው።

ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ በ1886 ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በካዛክስታን በምትገኘው ኡራልስክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመንግሥት ባንክ ሠራተኛ ነበሩ። ከተማዋ በሰፊ የሣር ሜዳ የተከበበች ስትሆን፣ ኡቫሮቭም ከልጅነታቸው ጀምሮ ነፍሳትን መልቀምና መለየት ይወዱ ነበር። በኋላም ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እ.ኤ.አ በ1910 ተመረቁ። ሥራ የጀመሩት በመካከለኛው እስያ በሚገኝ የጥጥ እርሻ ላይ በተባይ ባለሙያነት ነው። ብዙም ሳይቆዩ ከካውካሰስ ተራሮች በስተሰሜን ወደምትገኘው ስታቭሮፖል ተመድበው የተባይ ጥናት ቢሮ አቋቋሙ፤ መምራትም ጀመሩ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ገና ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር።

ስታቭሮፖል የእህል አገር ናት። በአካባቢው ካለው የሸምበቆ ረግረግ የሚነሳው አንበጣም የገበሬው ስጋት ነበር። ወጣቱ ባለሙያ የመከላከል ሥራውን እየመሩ ሳለ አንድ ነገር ግራ አጋባቸው። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት በአካባቢው የሚገኙ ሁለት ነፍሳትን የተለያዩ ዝርያዎች አድርገው ይቆጥሩ ነበር። አንደኛው በመንጋ የሚበረው አንበጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አረንጓዴ ወይም የደረቀ ሣር መልክ ያለው፣ ለብቻው የሚኖር፣ ማንም የማይፈራው ፌንጣ መሰል ነፍሳት ነው። ኡቫሮቭ ከመንጋው የተወለዱትን ሲከታተሉ ግን ከመካከላቸው ልክ እንደ ብቸኛው ያሉትን አገኙ። ከሁለቱ መሃል የሆነ መልክ ያላቸውም ነበሩ። ሁለት የተባሉት ነፍሳት ምናልባት አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለው ሐሳብ የተጠነሰሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ግኝቱን አደላድለው ለመጻፍ ግን ዘመኑ አልተመቻቸውም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነስቶ ስለነበር ወደ ቲፍሊስ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ትብሊሲ ተዛወሩ። ከዚያም የሩሲያ አብዮት ፈነዳ፤ ጆርጂያም ነፃነቷን አወጀች። በዚያ የሁከት ወቅት በዩኒቨርሲቲ እያስተማሩና በሙዚየም እየሠሩ ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ በ1920 ለንደን በሚገኝ የነፍሳት ጥናት ተቋም ሥራ አግኝተው ከነቤተሰባቸው ሄዱ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ በ1921፣ ስማቸውን ያስጠራውን ጽሑፍ አሳተሙ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲቀመጥ መንጋ ሠርቶ የሚበረው አንበጣና ለብቻው የሚኖረው ነፍሳት አንድ ዝርያ ናቸው የሚል ነው። የሚለያዩት በጠባይ፣ በቀለምና በአካል ቅርጽ ሲሆን፣ አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። በደቡብ አፍሪካም ያኮቡስ ፋውሬ የተባሉ ተመራማሪ በሌላ የአንበጣ ዝርያ ላይ ባደረጉት የማራባት ሙከራ ይኸው ለውጥ እንደሚከሰት አረጋገጡ።

በእኛ አገር የሚታወቀው የበረሃ አንበጣም በዚሁ ሕግ ይኖራል። በድርቅ ዘመን ጥቂቶቹ በየበረሃው ተበታትነው፣ እርስ በርስ ሳይቀራረቡ ይኖራሉ። ጥሩ ዝናብ ሲጥል ሴቷ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንቁላሏን ትቀብራለች። እንቁላሉም ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይፈለፈላል። ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ በበቀለው ሣር ይጠግባል፤ ቁጥሩም በየትውልዱ ይበዛል። ዝናቡ ቆሞ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር በቀረችው ጥቂት ልምላሜ ላይ ሁሉም ይሰበሰባል። መጨናነቁ፣ በተለይም የኋላ እግሮቻቸው መነካካት፣ ጠባያቸውን ይቀይረዋል። ከዚያ በፊት ይሸሻሹ የነበሩት መፈላለግ ይጀምራሉ። ለብቻው ሳለ አረንጓዴ የነበረው ኩብኩባም ቢጫና ጥቁር ሆኖ በአንድነት መጓዝ ይጀምራል። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2009 ለዚህ የጠባይ ለውጥ መነሻው ሴሮቶኒን የተባለ በነርቭ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር መሆኑን አሳይተዋል። ኡቫሮቭ ግን ለውጡን የተረዱት ይህ ከመታወቁ ከ80 ዓመት በላይ ቀድመው ነው።

ግኝቱ በወረቀት ላይ የቀረ እውቀት አልሆነም። መንጋው ከተበታተነው ብቸኛ ነፍሳት የሚነሳ ከሆነ የሚነሳበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቦታው ከታወቀ ደግሞ መንጋው ሳይፈጠር መከላከል ይቻላል። እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ መጨረሻ አፍሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን ከባድ የአንበጣ ወረርሽኝ ሲመታ ኡቫሮቭ በለንደን የምርምር ቡድን እንዲመሩ ተደረገ። ቡድኑ ከየአገሩ መረጃ እየሰበሰበ አንበጣው የት፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዕድሜ ላይ እንደታየ በካርታ ላይ ያሰፍር ነበር። በአንዱ አገር ድንገተኛ መቅሰፍት የሚመስለው ነገር ካርታው ላይ ሲቀመጥ ጉዞው፣ ወቅቱና መነሻው እየጠራ መጣ።

ውጤቱ በሁለት የአንበጣ ዓይነቶች ላይ በግልጽ ታየ። እ.ኤ.አ ከ1928 እስከ 1941 ሰፊውን የአፍሪካ ክፍል ያወደመው ተጓዥ አንበጣ መነሻው በማሊ የኒጀር ወንዝ የሚተኛበት ሜዳ መሆኑ ታወቀ። የቀይ አንበጣ መነሻ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ደግሞ በታንዛኒያ የሩክዋ ሸለቆ ሆኖ ተገኘ። በእነዚህ ውስን ቦታዎች ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚከታተሉ የመከላከያ ድርጅቶች ተቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ እንደ ያኔው አህጉር የሚያዳርስ የእነዚህ አንበጣዎች ወረርሽኝ አልተከሰተም።

የበረሃ አንበጣ ግን የከበደ ሆነ። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሕንድ ድረስ ዝናብ በጣለበት በረሃ ሁሉ ሊራባ ስለሚችል አንድ ቋሚ መነሻ የለውም። ስለዚህ የሚጠብቀው አንድ ጣቢያ ሳይሆን በአገሮች መካከል የተዘረጋ የመረጃ ሰንሰለት መሆን ነበረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የእህል እጥረት ባሳሰበበት ጊዜ የመከላከያ ቡድኖች በዓረቢያ በረሃ እየዞሩ በመርዝ የተለወሰ ፉርሽካ በኩብኩባው መንገድ ላይ ይበትኑ ነበር። ለዚህ ዘመቻ በእውቀት ከለንደን ድጋፍ ይሰጡ ከነበሩት ግንባር ቀደሙ ኡቫሮቭ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1945 የፀረ አንበጣ ምርምር ማዕከል ራሱን ችሎ ሲቋቋም ዳይሬክተር ሆኑ፤ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1959 ድረስም መሩት።

ጡረታ ከመውጣታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ በ1958፣ ኢትዮጵያ በበረሃ አንበጣ ክፉኛ ተጎድታ ነበር። በዚያ ዓመት 167 ሺህ ቶን ያህል እህል እንደጠፋ ተመዝግቧል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚመግብ ነው። የቀጣናው አገሮች እያንዳንዳቸው በተናጠል ተከላክለው እንደማይዘልቁት የታየበት ዘመን ስለነበር እ.ኤ.አ በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተመሠረተ። አገሮች በአንድነት አሰሳ የሚያደርጉበትና መረጃ የሚለዋወጡበት ይህ አሠራር ኡቫሮቭ ለዓመታት ሲወተውቱለት የኖሩት ነው።

ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ በ1961 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ስለ ፌንጣና አንበጣ ያከማቹትን እውቀት በሁለት ቅጽ ማዘጋጀት ቀጠሉ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1966 ታተመ። ሁለተኛው የወጣው ግን እርሳቸው እ.ኤ.አ በ1970 በ83 ዓመታቸው ካረፉ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ትምህርታቸው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታየው ችላ በተባለበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ በ2018 ሁለት ዐውሎ ነፋሶች በደቡብ ዓረቢያ ሰው በማይኖርበት በረሃ ላይ ከባድ ዝናብ አወረዱ። በቦታው አሰሳ የሚያደርግ ስላልነበረ አንበጣው ያለማንም ዕይታ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። ከዚያም በጦርነት ላይ ወደነበረችው የመን ተሻገረ፤ ቀጥሎም ወደ አፍሪካ ቀንድ ደረሰ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም የወሎ አርሶ አደር በደረሰ ጤፉና ማሽላው ላይ ያየው መንጋ የዚያ ሰንሰለት መጨረሻ ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል። መንጋው በማሳው ላይ ካረፈ በኋላ ቆርቆሮ መደብደብ ከዚህ የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

ከዚህ ሰው ሕይወት ለወረዳና ለቀበሌ የሚተርፈው ቁም ነገር ቀላል ነው። የአንበጣ ሥራ የሚሠራው አንበጣ በሌለበት ዓመት ነው። በቆላው ከብት የሚጠብቅ እረኛ በአንድነት የሚጓዝ ቢጫና ጥቁር ኩብኩባ ካየ መንጋው ክንፍ ሊያወጣ የቀረው የሳምንታት ዕድሜ ብቻ ነው፤ በዚያው ቀን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቢናገር ግን ገና መብረር ሳይጀምር መሬት ላይ እንዳለ ይደረስበታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ቦታውን፣ ቀኑን፣ ቀለሙንና ክንፍ ማውጣት አለማውጣቱን መዝግቦ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ዝናብ ከጣለ በኋላ በተደረገ አሰሳ ምንም አለመታየቱም ራሱ ሪፖርት ነው፤ የኡቫሮቭ ካርታ የተሞላው አንበጣ በታየባቸው ቦታዎች ብቻ አልነበረምና። መንጋ በሌለበት ዓመት የአሰሳ ነዳጅና የውሎ አበል ሲጠየቅ የማያስፈልግ ወጪ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በሣር መሃል ለብቻው የሚዘለው አረንጓዴ ነፍሳትና ሰማይ የሚያጨልመው መንጋ አንድ መሆናቸውን የሚያውቅ ኃላፊ ያን ወጪ አይሰርዝም።