የኮርቻ ሰሪው ልጅና ስድስቱ ነጥቦች

በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት የመኪና ሥራ ነው። ከፓርኩ ውጭ ግን የጋሪ ፈረስ ልጓምና ኮርቻ ዛሬም በወስፌ ይሰፋል። ዓይነ ስውራን የሚያነቡበት ጽሑፍ ታሪክም የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነት ወስፌ ነው።

ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 ከፓሪስ በስተምሥራቅ በምትገኝ ኩቭሬ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሰሪ ነበር። ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ መሣሪያ ቆዳ ለመብሳት ሲታገል ወስፌው ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመርቅዞ ሌላውንም ዓይን ያዘ፤ በአምስት ዓመቱ ብርሃኑን ፈጽሞ አጣ።

ወላጆቹ ከቤት አላዋሉትም። በመንደሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ የሰማውን ሁሉ ይይዝ ነበር፤ ንባብና ጽሕፈት ላይ ሲደርስ ግን ይቀራል። በ1819 በፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ የሚዳሰሱ መጻሕፍት ነበሩ፤ ነገር ግን ዓይናማ በሚያስበው መንገድ የተሠሩ ናቸው። የተለመዱት ፊደላት ጎልተው ይታተማሉ፤ ተማሪው የእያንዳንዱን ቅርጽ በጣቱ ይከተላል። መጽሐፉ ግዙፍ፣ ንባቡ አዝጋሚ ነው፤ በዚያ ስልት መጻፍማ የማይታሰብ ነበር።

ሻርል ባርቢዬ የተባለ ቀድሞ በጦር ሠራዊት ያገለገለ ሰው በ12 ነጥቦች የሚጻፍ ዘዴ አቀረበ። ሉዊ ጉድለቱን በገዛ ጣቱ ለየው፤ 12 ነጥብ ከጣት ጫፍ ይተርፋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በግብርና ኮሌጅ እርጥብ አፈር በጣት እያሸ አሸዋማውን ከሸክላማው መለየት የተማረ በመሆኑ፣ ዓይን ያልለየውን ጣት እንደሚለይ ያውቃል። ሉዊ ነጥቦቹን ወደ 6 አወረደ፤ ሥራውን በመሠረቱ ሲጨርስ ገና 15 ዓመቱ ነበር። ስልቱ በ1829 ታተመ። ወረቀቱ የሚወጋውም ከአባቱ ወስፌ ብዙ በማይርቅ ሹል መሣሪያ ነው።

በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይጫወት ነበር። በ1840 የተሾመው ዳይሬክተር ግን ስልቱን ከለከለ። ዓይናማ የማያነበው ጽሑፍ ዓይነ ስውሩን ከኅብረተሰቡ ይነጥላል የሚል ክርክር ነበር። ተማሪዎቹ በድብቅ ጻፉበት፤ ክልከላውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላላ። ብሬል በ1852 በሳንባ ነቀርሳ በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ፈረንሳይ ስልቱን በይፋ የተቀበለችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ስድስቱ ነጥቦች የሚሰጡት 63 ምልክት ሲሆን የአማርኛ ፊደል ከ200 ይበልጣል። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢና አናባቢ ይለያያሉ፤ «ቡ» ለመጻፍ ለ«ብ» አንድ፣ ለ«ኡ» ሌላ ምልክት ያስፈልጋል። የሰበታና የሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከዚህ ጽሑፍ ጋር ያስተዋውቃሉ። ከዚያ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት የሚሻገረው ተማሪ የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ መምህሩ በሰሌዳ የጻፈውን ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብ፣ ሥዕሉን በወረቀት ላይ በተለጠፈ ገመድ እንዲያጎላለትና የፈተና ሰዓት እንዲጨምርለት ነው።