ጋሌን

ጋሌን በሮማ መንግሥት ዘመን የኖረ ግሪካዊ ሐኪም፣ የአካል አወቃቀር ተመራማሪና ጸሐፊ ነበረ። የጻፋቸው መጻሕፍት በመካከለኛው ምሥራቅና በአውሮፓ ከ1,300 ዓመት በላይ የሕክምና መማሪያ ሆነው አገልግለዋል። በተለይ ስለ አንገትና ጉሮሮ ያገኘው ዕውቀት እስከ ዛሬ በቀዶ ሕክምና ላይ ይሠራበታል። (በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ጋሌን በ129 በጴርጋሞን ከተማ ተወለደ። ጴርጋሞን በዮሐንስ ራእይ ከተጠቀሱት ሰባት ከተሞች አንዷ ስትሆን ዛሬ በቱርክ ውስጥ በርጋማ ትባላለች። አባቱ ኒቆን ሀብታም የሕንፃ ባለሙያ ነበር። ልጁን ፍልስፍና ሊያስተምረው አስቦ ሳለ፣ ጋሌን 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው ባየው ሕልም ምክንያት ወደ ሕክምና ትምህርት መራው። አባቱ ከሞተ በኋላ ጋሌን በሰምርኔስ፣ በቆሮንቶስና በግብፅ እስክንድርያ ተዘዋውሮ ተማረ።

በ157 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የግላዲያተሮች ሐኪም ሆነ። ግላዲያተሮች በሕዝብ ፊት በጦር መሣሪያ የሚፋለሙ ሰዎች ነበሩ። በሮማ የሰውን ሬሳ ከፍቶ መመርመር የተለመደ ስላልነበረ፣ የተጋጣሚዎቹ ቁስል የሰውን ጡንቻ፣ ጅማትና የደም ሥር በዓይኑ እንዲያይ ዕድል ሰጠው።

የድምፅ ነርቭ

ጋሌን በ162 ወደ ሮማ ከተማ ሄደ። በዚያ ዘመን ብዙ ፈላስፎች ሐሳብና ንግግር የሚመነጩት ከልብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጋሌን ግን ምንጩ አንጎል መሆኑን ለማሳየት የአሳማ አንገት ከፍቶ ወደ ማንቁርት የሚሄዱትን ቀጫጭን ነርቮች በክር አሰረ። ሲጮህ የነበረው እንስሳ ድምፁ ጠፋ፤ ክሩ ሲፈታ ድምፁ ተመለሰ።

ይህን ሙከራ በፍላቪዩስ ቦኤቱስ፣ በሌሎች ባለሥልጣናትና በምሁራን ፊት ሊያሳይ ሲዘጋጅ፣ የደማስቆው ፈላስፋ አሌክሳንደር በስሜት ሕዋሳት የታየ ነገር ሁሉ ይታመናል ወይ የሚል ጥያቄ አነሣ። ጋሌን ተቆጥቶ ስብሰባውን ትቶ ወጣ። ሙከራውን ያሳየው በኋላ በሌላ ቀን ነው።

እነዚህ ነርቮች ያልተለመደ መንገድ አላቸው። ከራስ ቅል ተነሥተው ማንቁርቱን አልፈው ወደ ደረት ይወርዳሉ፤ በዚያም በትልልቅ የደም ቧንቧዎች ሥር ዞረው እንደገና ወደ ማንቁርት ይወጣሉ። ጋሌን ይህን በመዘውር ላይ ከሚዞር ገመድ ጋር አመሳስሎታል።

ነገሩ የክርክር ማሸነፊያ ብቻ አልነበረም። ጋሌን በጽሑፉ፣ በአንገቱ ላይ ያበጠ ንፍፊት በሐኪም ሲወጣለት ነርቮቹ ተቆርጠውበት ድምፁን ሙሉ በሙሉ ስላጣ ልጅና በአንድ በኩል ብቻ ተቆርጦበት ግማሽ ድምፅ ስለቀረለት ሌላ ልጅ ይተርካል። ሐኪሞቹ እበጡን አውጥተዋል፤ የሚቆርጡትን ግን አላወቁም። ዛሬም የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሲደረግ፣ እንቅርት በብዛት በሚታይባት በኢትዮጵያ ጭምር፣ ሐኪሙ በጥንቃቄ የሚጠብቀው ይህንኑ ነርቭ ነው።

እንደ መጻፊያ የሾለው አጥንት

ጋሌን ከጆሮ በታች፣ ከራስ ቅል ወደ ጉሮሮ አቅጣጫ የሚወርደውን ቀጭንና ሹል አጥንት በጥንቱ የመጻፊያ መሣሪያ አምሳል ጠርቶታል። ይህ አጥንት ብዙውን ጊዜ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ረጅም ይባላል። አብዛኞቹ ረጅም አጥንት ያላቸው ሰዎች ምንም አይሰማቸውም። በአንዳንዶቹ ላይ ግን በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ወይም የደም ቧንቧ ይነካል። ያን ጊዜ ሲውጡና አንገት ሲያዞሩ ሕመም፣ የጆሮ ውጋትና በጉሮሮ የተሰነቀረ ነገር ያለ መምሰል ይከተላል። በ1937 አሜሪካዊው የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዋት ኢግል ሁለት ሕሙማንን ገልጾ ስለጻፈ በሽታው በስሙ ይጠራል። ሕመሙ ሲጸና አጥንቱን በቀዶ ሕክምና ማሳጠር ይቻላል።

ጋሌን ከአንጎል የሚወጡትን ነርቮች ሰባት ጥንድ ብሎ ቆጥሯል። ዛሬ 12 ጥንድ መሆናቸው ይታወቃል። በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚነካውን ዘጠነኛውን ነርቭ ከሌሎች ጋር አንድ አድርጎ በስድስተኛው ጥንድ ውስጥ አስገብቶት ነበር።

በነገሥታት ዘንድ

በ166 ጋሌን ሮማን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ አስጠራው። በዚያ ወቅት ታላቅ ወረርሽኝ ግዛቱን እያጠቃ ነበር። ንጉሡ ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ ጋሌን ሮማ ቀርቶ የልጁን የኮሞዱስን ጤና ይጠብቅ ነበር። በ192 በከተማዋ በተነሣ ቃጠሎ ብዙ መጻሕፍቱና መድኃኒቶቹ ወደሙ። ስለዚህ ጉዳት የጻፈው ድርሰት ለዘመናት ጠፍቶ ከኖረ በኋላ በ2005 በተሰሎንቄ ከሚገኝ ገዳም ተገኘ። የሞተበት ዓመት ከ200 እስከ 216 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገመታል።

ስሕተቶቹና ውርሱ

በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሁናይን ኢብን ኢስሐቅ ከረዳቶቹ ጋር በባግዳድ ብዙ የጋሌንን መጻሕፍት ወደ ሱርስትና ዐረብኛ ተረጎመ። ጋሌን የመረመረው በዋናነት ዝንጀሮና አሳማ ስለነበር አንዳንዱ ድምዳሜው ለሰው አይሠራም። የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ማለቱን ቬሳልዩስ በ1543፣ ደም በጉበት ተሠርቶ በአካል ውስጥ ያልቃል ማለቱን ደግሞ ዊልያም ሃርቪ በ1628 አረሙ። ሁለቱም ስሕተቱን ያገኙት ራሱ ጋሌን በመከረው መንገድ፣ ማለትም አካልን ከፍቶ በዓይን በመመርመር ነበር።