ማርክ ዋይዘር እና የፕሮሰሰር ኃይል ቁጠባ ጥያቄ

ስለ ማርክ ዋይዘር የተጻፉ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት ዩቢኩዊተስ ኮምፒውቲንግ በተባለው ሐሳባቸው ላይ ነው፤ ይኸውም ኮምፒውተር ከተጠቃሚው ትኩረት ተሰውሮ በየዕለቱ መገልገያ ዕቃዎች ውስጥ እንዲሠራ የሚሻው ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት የፕሮሰሰር ኃይል ጥናት እምብዛም አይነሳም፤ ሲነሳም እንደ ጎን ሥራ ይቆጠራል። ይህ አተያይ አሳሳች ነው። ጥናቱ የዚያው ሐሳብ ተከታይ ሲሆን፣ ዛሬ በሪል ታይም ሥርዓቶች ውስጥ ኃይል ቆጣቢ ሼዱሊንግ የሚባለው መስክ ከዋና መነሻዎቹ አንዱን ያገኘው ከዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋይዘር ጁላይ 23 ቀን 1952 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ተወለዱ። በፍሎሪዳ ኒው ኮሌጅ ትምህርት ቢጀምሩም ሳይመረቁ ወጡ። በኋላም ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1977 የማስተርስ፣ በ1979 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የመመረቂያ ጥናታቸው ከአንድ ፕሮግራም ውስጥ የተመረጠን ውጤት የሚነኩትን መስመሮች ብቻ ነጥሎ ስለማውጣት ነበር፤ ይህ ብቻውን በሶፍትዌር ምህንድስና ስማቸውን ለማቆየት ይበቃ ነበር። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ በ1987 በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ወደሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ገቡ፤ በማግሥቱ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ላቦራቶሪው ኃላፊ ሆኑ። ሴቪር ታየር ዳሜጅ በተባለ የሙዚቃ ጓድ ከበሮ ይመቱ ነበር፤ ጓዱም በጁን 1993 በኢንተርኔት ሙዚቃውን በቀጥታ በማስተላለፍ የመጀመሪያው ሆነ።

በላቦራቶሪው በሦስት መጠን መሣሪያዎች ተሠሩ፦ በመዳፍ የሚያዙ፣ ወረቀት የሚያካክሉ እና እንደ ጥቁር ሰሌዳ በግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ። ዋይዘር ሐሳቡን በሴፕቴምበር 1991 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ለሰፊው አንባቢ አቀረቡ። ሰው ኪሱ ከትቶት የሚውል ኮምፒውተር ግን በየጥቂት ሰዓቱ ቻርጅ ሲጠይቅ ከትኩረት ሊሰወር አይችልም። ባትሪው የሐሳቡ ዋና ፈተና ሆነ።

በኖቬምበር 1994 በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በተካሄደ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ጉባኤ ላይ ዋይዘር፣ ብሬንት ዌልች፣ አላን ዴመርስ እና ስኮት ሼንከር መልሳቸውን አቀረቡ። መነሻው ቀላል ፊዚክስ ነው። አንድ ስሌት የሚፈጀው ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ይመጣጠናል፤ ቮልቴጅን ለመቀነስ ደግሞ ፍጥነትን መቀነስ ያስፈልጋል። ፍጥነትን ብቻ መቀነስ አንዳች አያተርፍም፤ ሥራው ያንኑ ያህል ይረዝማልና። ቮልቴጁ አብሮ በግማሽ ከወረደ ግን ያው ሥራ በሩብ ኃይል ይጠናቀቃል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሮጦ ጨርሶ ሥራ ፈትቶ ከሚጠብቅ ይልቅ ረጋ ብሎ ቢሠራ ይሻላል። አዲሱ ነገር ይህን ውሳኔ ለሃርድዌሩ ሳይሆን ተግባራትን በተራ ለሚያስኬደው ሼዱለር መስጠታቸው ነው።

ተመራማሪዎቹ ከዎርክስቴሽኖች በተሰበሰቡ የሥራ መዝገቦች ላይ ሦስት ስልቶችን ፈተኑ። የመጀመሪያው መጪውን ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሁለተኛው ጥቂት ወደፊት ያያል፤ ሁለቱም ለማነጻጸሪያ እንጂ ለሥራ አይውሉም። ሦስተኛው ያለፈውን አጭር ጊዜ ብቻ አይቶ ቀጣዩም እንደዚያው ይሆናል ብሎ ይገምታል። ይህ ስልት በ50 ሚሊ ሰከንድ ክፍተት፣ ከ5 ቮልት ወደ 3.3 ቮልት ብቻ መውረድ ሲፈቀድለት እስከ 50 በመቶ፣ ወደ 2.2 ሲፈቀድለት እስከ 70 በመቶ የፕሮሰሰር ኃይል ቆጠበ።

ግምቱ ሲሳሳት ያልተሠራው ሥራ ወደ ቀጣዩ ክፍተት ይተላለፋል። ሰነድ ለሚያርም ሰው ይህ ከመጠነኛ መዘግየት አያልፍም፤ የመኪና ፍሬን ለሚቆጣጠር ኮምፒውተር ግን አደጋ ነው። በስልቱ ውስጥ ተግባራት የመጨረሻ የጊዜ ገደብ አልነበራቸውም። ክፍተቱን መሙላት የጀመሩት ከራሳቸው ከአዘጋጆቹ መካከል ሁለቱ ነበሩ፦ ዴመርስ እና ሼንከር ከፍራንሲስ ያኦ ጋር በ1995 እያንዳንዱ ተግባር መድረሻና የማብቂያ ጊዜ ያለውን ሞዴል አቅርበው፣ አነስተኛውን ኃይል የሚፈጅ ሰሌዳ የሚሠራ አልጎሪዝም አሳዩ። በኋላ የመጡት የሪል ታይም ጥናቶች ከዋይዘር ስልት ይልቅ ወደዚህ ሞዴል ያዘነበሉትም በዚሁ የተነሳ ነው።

ዋይዘር በ1996 የማዕከሉ ዋና ቴክኖሎጂስት ሆኑ። ኤፕሪል 27 ቀን 1999፣ የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ከታወቀ ከሳምንታት በኋላ በ46 ዓመታቸው አረፉ።

ብዙ ፕሮሰሰር ያላቸው ሥርዓቶች ጉዳዩን አወሳሰቡት። ሥራው በሁለት ፕሮሰሰሮች ላይ እኩል ቢከፈል ሁለቱም በዝግታና በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይሠራሉ፤ የዋይዘርና የባልደረቦቻቸው መርህ እዚህም ይሠራል። ነገር ግን ሃካን አይዲን እና ቺ ያንግ በ2003 እንዳሳዩት፣ ኃይልን በትንሹ የሚፈጀውን ክፍፍል ማግኘት ኤንፒ ሃርድ ነው፤ በተግባር የሚያዋጣው ሸክሙን በተቻለ መጠን ማመጣጠን ነው። በሌላ በኩል የ1994ቱ ጥናት ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር ኃይል አይፈጅም ብሎ ተነስቶ ነበር። ትራንዚስተሮች እያነሱ ሲመጡ ሥራ በሌለበትም የሚያፈተልከው ጅረት ቸል የማይባል ሆነ፤ ከአንድ ወሰን በታች ፍጥነትን መቀነስም ኃይል ያባክናል። በዚህ ሁኔታ አንዳንዶቹን ፕሮሰሰሮች ማጥፋትና ቀሪዎቹን ፈጠን አድርጎ ማሠራት የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።