በረዶ ያላስቆመው መልእክተኛ

ክረምት ሲገባ ከጓደኞቻችን ጋር ተሰብስበን ወደ ሄርሞን ተራራ መውጣት እንወዳለን። እዚያ ስንደርስ ግን ገና ሁለት እርምጃ ሳንሄድ እግራችን በረዶው ውስጥ ይሰምጣል። አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ይስቃል፤ ትንሽ ቆይተን ሁላችንም ወደ ሞቀው አውቶቡስ እንሮጣለን። ታዲያ እንዲህ ባለ በረዶ ላይ፣ በጫካና በገደል መካከል፣ የሰው ደብዳቤ ተሸክሞ ለብቻው 145 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ነበር ብንላችሁ ታምናላችሁ? ዘንድሮ ታሪኩን ልንነግራችሁ የመረጥነው ይህን ሰው፣ ጆን ቶምሰንን ነው። እሱም እንደ ብዙዎቹ ወላጆቻችን በልጅነቱ አገር ቀይሮ የመጣ ሰው ነው።

ቶምሰን የተወለደው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1827 በኖርዌይ፣ ቴሌማርክ በሚባል ተራራማ አውራጃ ነው። ሲወለድ የወጣለት ስም ዮን ቶርስታይንሰን ሩ ነበር። በዚያ አገር የብርዱ ወራት ረጅም ስለሆነ፣ ሰዎች ረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ከእግራቸው ሥር አስረው በረዶ ላይ መንሸራተት የሚለምዱት በልጅነታቸው ነው። ዛሬ ስኪ የምንለው ማለት ነው። 10 ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ኢሊኖይ፣ ሚዙሪ፣ አይዋ፣ ዊስኮንሲን እያለ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር አደገ። ስሙም ለአሜሪካኖች አፍ እንዲመች ጆን ቶምሰን ሆነ። በ1851 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ ወርቁ ግን እንዳሰበው አልሆነለትምና ወደ እርሻ ዞረ።

በዚያን ጊዜ ካሊፎርኒያን ከምሥራቁ የካርሰን ሸለቆ የሚለየው የሲዬራ ኔቫዳ ተራራ እንደ ግንብ ቆሞ ነበር። ክረምት ላይ በረዶ መንገዱን ስለሚዘጋው ፈረስም በቅሎም አያልፍም። ከተራራው ማዶ ያሉት ሰዎች የዘመድ ወሬ ሳይሰሙ ይከርማሉ። በጠፍር የተጠለፈ ሰፊ የበረዶ ጫማ አድርገው ደብዳቤ ለማሻገር የሞከሩ ነበሩ፤ ተሻግረዋልም፤ ግን በጣም አድካሚ ነበር። በ1855 መጨረሻ ላይ ቶምሰን ደብዳቤ አመላላሽ እንደሚፈለግ ጋዜጣ ላይ አነበበ።

ይህን ጊዜ የልጅነት አገሩ ትዝ አለው። ከኦክ እንጨት 3 ሜትር ርዝመትና 11 ኪሎ ገደማ ክብደት ያለው ስኪ በገዛ እጁ ጠርቦ ሠራ። ሰው በእግሩ ሲረግጥ ክብደቱ ሁሉ በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ይሰምጣል። ረጅሙ እንጨት ግን ክብደቱን ስለሚያከፋፍለው ከላይ ያስኬደዋል፤ ቁልቁለት ላይማ ጭራሽ ያበርረዋል። የአካባቢው ሰው ለዚህ ነገር የተለየ ስም ስላልነበረው የኖርዌይ የበረዶ ጫማ አለው። ቶምሰንም ስኖውሹ ቶምሰን፣ ማለትም የበረዶ ጫማው ቶምሰን ተባለ።

በጥር 1856 ከፕላሰርቪል ተነስቶ ጄኖአ ወደምትባለው መንደር ተሻገረ። ሲሄድ 3 ቀን፣ ሲመለስ 2 ቀን ይፈጅበት ነበር። ጀርባው ላይ ከ27 እስከ 45 ኪሎ የሚደርስ ከረጢት ስላለ ብርድ ልብስ አይዝም፤ ስንቁም ደረቅ ብስኩትና ቋንጣ ብቻ ነው። መንገዱን በዛፍ፣ በቋጥኝና በኮከብ ይለያል። ሲመሽ የደረቀ የጥድ ጉቶ አቀጣጥሎ፣ ቅርንጫፍ አንጥፎ፣ እግሩን ወደ እሳቱ ዘርግቶ ይተኛል። ውሽንፍር ካላራመደው ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ብርድ እንዳይገድለው የአገሩን ጭፈራ እየጨፈረ ያነጋል ይባላል። እኛ ብንሆን እስክስታ እንወርድ ነበር!

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ሲሰን የሚባል ነጋዴ ተራራው ላይ ጎጆ ውስጥ እግሩ በብርድ ደርቆ ብቻውን ተኝቶ አገኘው። ቶምሰን እሳት አንድዶለት በሌሊት ወደ ጄኖአ ወረደ። ጓደኞቹን ቀሰቀሰ፣ ስኪ ሠርተው አብረውት ወጡ፤ ሰውየውንም በሸርተቴ ጎትተው አወረዱት። ሐኪሙ እግሩን ለመቁረጥ ማደንዘዣ ያስፈልጋል ሲል፣ ቶምሰን ገና ሳያርፍ ተራራውን እንደገና ተሻግሮ መድኃኒቱን አመጣ። ሰውየው ተረፈ።

ቶምሰን ለ20 ክረምት ያህል በዚህ ሥራ እንደቆየ ይነገርለታል። ደመወዙ ግን? ዛሬ ነገ እየተባለ ቀረ። ደብዳቤ የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ ሥራውን አልተወም፤ ዝም ብሎም አልተቀመጠም። በ1869 የኔቫዳ ምክር ቤት 6,000 ዶላር እንዲከፈለው መንግሥትን ጠየቀለት። እሱም ራሱ አቤቱታውን ይዞ እስከ ዋሽንግተን ተጓዘ። ባዶ እጁን ተመለሰ። በግንቦት 1876፣ በ49 ዓመቱ አረፈ፤ ገንዘቡን አላየም። መቃብሩ ጄኖአ ነው፤ ድንጋዩም ላይ የተመሳቀሉ ስኪዎች ተቀርጸዋል።

እኛን የነካን ነገር ይህ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ከዘመዱ ያገናኘው ከአዲሱ አገር የተማረው ሳይሆን፣ በ10 ዓመቱ ከትውልድ መንደሩ ይዞት የመጣው ነው። ወላጆቻችንም ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራት፣ መሸመን እያወቁ ነው የመጡት፤ ብዙ ጊዜ ግን እዚህ ምን ይጠቅማል ተብለው ዝም ብለዋል። ልጆች፣ እስቲ ዛሬ ማታ እናትና አባታችሁን ጠይቁ፦ በልጅነታችሁ በእጃችሁ ምን ትሠሩ ነበር በሏቸው። እናንተም ወላጆች፣ አሁን ምን ያደርጋል ብላችሁ አትለፉት። ቁጭ ብላችሁ አሳዩአቸው።