በእግርም በትምህርትም፦ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

ዱመርሶ ልጅ ሆኜ ሯጭ ነበርኩ። በትምህርት ቤቶች ውድድር ያየኝ መልማይ አንድ ቀን ቤታችን ድረስ መጣ። ቡና ተፈላለት፤ አባቴ ስለ ትምህርቴ ጠየቁት። መልስ አልነበረውም፤ እኔም ቀረሁ። አባቴን ለወራት አኮረፍኳቸው። ዲላ ገብቼ ሕክምና ስማር የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ አነበብኩና ያ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ዘፈናቸው በሸክላ የተቀረጸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ የአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም. ላቋቋሙት ቅዱስ ጊዮርጊስ መጫወት ጀመሩ። ያኔ የፊርማ ገንዘብ የለ፣ ደመወዝ የለ፤ ሜዳ ላይ ጎበዝ ሆኖ የታየን ልጅ ጓደኞቹ ይጠሩታል፣ አለቀ። ከ20 ዓመት በላይ ለዚያው ክለብ ተሰለፉ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተጫወቱ።

እግር ብቻ ቢኖራቸው ኖሮ ታሪካቸው እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። የተማሩ በመሆናቸው ግን ከሜዳ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ተሻገሩ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ስናነሳ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ፣ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። የአፓርታይድ ቡድኖች ከዓለም ስፖርት እንዲታገዱ ታገሉ። የአፍሪካ ወጣቶች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለሳቸውም ያሳስባቸው ነበር።

ዛሬ ወደ እኔ ለሕክምና ከሚመጡት መካከል የጉልበት ጅማታቸው የተበጠሰ ልጆች አሉ። ከ10ኛ ክፍል አቋርጠው ክለብ የገቡ ናቸው። አንዴ ከተጎዱ በኋላ ክለቡ አይፈልጋቸውም፤ ወደ ክፍል መመለሱም ያሳፍራቸዋል። እነሱን ሳይ አባቴ ልክ ነበሩ እላለሁ። ግን ደግሞ ስንት ልሮጥ እችል እንደነበር እስካሁን አላውቅም፤ እሱም ይቆጨኛል። አቶ ይድነቃቸው ሁለቱንም ይዘው ሄዱ፤ እኔ አንዱን ጥዬ ነው የመጣሁት።

ስለዚህ ውድ መምህራንና አብሮ አደጎቼ፣ ተማሪያችሁን መልማይ ሲፈልገው ዝም ብላችሁ አትከልክሉት፣ ዝም ብላችሁም አትሸኙት። ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስጣችሁ፦ ልጁ የሚማርበትን ሰዓት፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው፣ ቢቀነስ ትምህርቱን እንዴት እንደሚቀጥል። አባቴ አንዱን ብቻ ነበር የጠየቁት። እኛ የተማርነው ሦስቱንም መጠየቅ አያቅተንም።