ሃይንሪሽ ኮታና የደን ልኬታ ትምህርት

በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጀርመን አገሮች የቆመን ዛፍ አይቶ የሚያስገኘውን እንጨት መገመት፣ የወደቀውንም ግንድ እንደ መጠኑና እንደ ጥራቱ መለየት በቃልና በልምምድ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነበር። አዋቂው ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበር ነበር። ማዕድን ማውጫውና ማቅለጫው ምድጃ በበኩላቸው እንጨትን ያለ ልክ ይፈጁ ስለነበረ፣ የደኑን አቅም አስቀድሞ ማወቅ ለመንግሥታቱ የግምጃ ቤት ጉዳይ ሆነ።

ሃይንሪሽ ኮታ እ.ኤ.አ. በ1763 በቱሪንጊያ ምድር፣ በዚልባኽ አጠገብ፣ ከደን ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። ሙያውን ከአባቱ ቀሰመ፤ በየና ዩኒቨርሲቲም ለጥቂት ጊዜ ተማረ። ደን ለመቀየስ ሲወጣ ትምህርት ፈላጊ ወጣቶች ይከተሉት ጀመር፤ በ1795 መስፍኑ የዚልባኽን የአደን ቤት ለማስተማሪያ ፈቀደለት። በ1804 ስለ ደን ግመታ ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን ከአገሩ አሻግሮ አሰማው።

በ1811 የሳክሶኒ መንግሥት ደኖቹን እንዲያስለካ ስለጠራው ትምህርት ቤቱን ጭምር ይዞ በድሬስደን አጠገብ ወዳለችው ወደ ታራንት ተዛወረ። ደቀ መዛሙርቱ ሒሳቡን በክፍል ከተማሩ በኋላ እዚያው ደን ውስጥ ይፈትኑት ነበር። የክብ ግንድን ይዘት ከውፍረቱና ከርዝመቱ የሚያሳዩ ሠንጠረዦችንም አዘጋጀ፤ በዚህም የሻጭና የገዢ ክርክር በዓይን ግምት መፈታቱ ቀርቶ በቁጥር የሚዳኝበት መንገድ ተከፈተ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ከናፖሊዮን ጎን የተሰለፈችው ሳክሶኒ በ1815 ከግዛቷ ከግማሽ የሚበልጠውን ለፕሩሲያ አስረከበች። እንዲህ የተጎዳ መንግሥት በመጀመሪያ የሚቀንሰው የትምህርትን ወጪ ነው ቢባል የሚደነቅ ሰው አይኖርም። ሳክሶኒ ግን በ1816 የኮታን የግል ትምህርት ቤት ተረክባ የንጉሣዊ የደን አካዳሚ አደረገችው፤ መሥራቹም ዳይሬክተር ሆነ። የቀረው ደን ጥቂት ስለሆነ በትክክል የሚለካው ሰው ይበልጥ አስፈለገ።

ልኬታው ያለ ጉዳት አልቀረም። ለቁጥር የሚመቸው ባለ አንድ ዓይነት ዛፍ ተክል በኋለኞቹ አሥርታት በጣም ተስፋፋና ነፋስና ተባይ በቀላሉ የሚያጠቁት ሆነ። ይህን ሁሉ በኮታ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። እርሱ በ1817 ባወጣው የደን ልማት መጽሐፍ መቅድም፣ ብዙ የሚሠራው ባለሙያ ጥቂት እንደሚጽፍ፣ ብዙ የሚጽፈውም ጥቂት እንደሚሠራ አስገንዝቦ ነበር።

በ1843፣ 80 ዓመት ሲሞላው፣ 80 የባሉጥ ዛፎች ተተከሉለት። በተከታዩ ዓመት አረፈና በመካከላቸው ተቀበረ።