አብዲ ሲኒሞና የባልዎ ማኅበርተኞቹ

የሶማሊኛ ዘመናዊ ዘፈን ከየት እንደ ተነሣ ሲመረመር፣ ፍለጋው በአብዛኛው የሚያደርሰው ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ዘንድ ነው። አብዲ ዴቅሲ ዋርፋ፣ በሰፊው በሚታወቅበት ቅጽል ስሙ አብዲ ሲኒሞ፣ በቦረማ አቅራቢያ በምትገኘው ጃራሆራቶ ተወለደ። ቦረማ ዛሬ ከጅግጅጋ ተነሥቶ በአውበሬ በኩል ድንበር ተሻግሮ የሚደረስባት ከተማ ናት። አብዲ መኪና መንዳት በያዘበት ዘመን ግን ድንበሩ እንዲህ የጠበቀ አልነበረም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ድል ከተነሣ በኋላ ጅግጅጋ እስከ 1948፣ ከቀብሪበያ ወዲያ የሚዘረጋው የሐውድ የግጦሽ ምድር ደግሞ እስከ 1955 በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር ቆይተዋል። ሸቀጥ የጫነ መኪና በሚያልፍበት ሁሉ ዜናና ዜማም አብሮ ያልፍ ነበር።

በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ የሚነግረን፣ ከ1943 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ውስጥ የአብዲ መኪና በዘይላና በቦረማ መካከል፣ አባሳ በተባለው ስፍራ አጠገብ፣ ተበላሽታ መቆሟን ነው። ሾፌሩ ጥገናው አልሆን ቢለው ከመኪናዋ ጥግ ተቀምጦ ምሬቱን በአጭር ዜማ አወጣው። ባልዎ የሚለው ስያሜም መከራን ከሚያመለክት የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። ትረካው በአፍ ሲዘዋወር ሳይዋብ አልቀረም፤ ሆኖም አዲሱ ዘፈን በዚያው አካባቢና በዚያው ዘመን መወለዱ በጥናት የተረጋገጠ ነው።

ባልዎ ምን አዲስ ነገር ይዞ እንደመጣ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። በሶማሊዎች ዘንድ ገበይን የመሰለው ታላቅ ግጥም ጥብቅ ባለቤትነት አለው። ግጥሙን በቃሉ አጥንቶ የሚያሰማ ሰው አስቀድሞ የገጣሚውን ስም ይጠራል፤ ቃል መለወጥ አይፈቀድለትም፤ የሌላውን ግጥም የራሱ አስመስሎ ማቅረብም ትልቅ ነውር ነው። ጽሕፈት በሌለበት ባህል ይህ ደንብ የገጣሚውን ክብር ጠብቆ አኑሯል።

ባልዎ በአንጻሩ ጥቂት ስንኞች ብቻ ያሉት፣ ስለ ፍቅር የሚነገር እጅግ አጭር ግጥም ነው። ብቻውን አንድ ምሽት ሊያዘልቅ አይችልም። ስለዚህ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣዋል፤ የአንዱ ስንኝ ከሌላው ስንኝ ጋር ይቀጠላል፤ እጅብ ብለው የተቀመጡትም በጭብጨባና በአዝማች ይቀበላሉ። የአብዲ ቸርነት በዋነኛነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የፈጠረውን መልክ ለራሱ አጥሮ አላስቀመጠም፤ ማንም እንዲገባበት ክፍት አድርጎ ተወው። በዙሪያው የተሰበሰቡት ወጣቶች ስንኝ በስንኝ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑ ማኅበርተኞች ሆኑ። የመጀመሪያው የሙዚቃ መሣሪያቸው ባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ነበር፤ ለሾፌሮች ጨዋታ የሚስማማ ከበሮ ነው። አታሞና ዋሽንት የተጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ማኅበርተኞች መካከል ከፍ ያለ ስፍራ የሚገባት ኸዲጃ ኢየ ደራር ናት። ወጣቶች፣ ወንድና ሴት በአንድነት ተቀምጠው ፍቅርን መዝፈናቸው የሃይማኖት አባቶችን አስቆጣ፤ ባልዎ በአደባባይ ተወገዘ። ውግዘቱ በሁሉም ላይ የወረደ ቢሆንም፣ በዚያ ዘመን በወንዶች መካከል ቆማ የምትዘፍን ሴት የከፈለችው ዋጋ ከአብዲ ይልቅ የከበደ እንደነበር መገመት አያዳግትም። አብዲን በዘፈን መደገፍ ስምን አሳልፎ መስጠትንም ይጨምር ነበርና።

ዘፈኑ ከነቀፌታው የዳነው በከፊል ስሙን በመለወጥ ነው። ባልዎዎች እየተቀጣጠሉ ሲረዝሙ ሄሎ ተባሉ። በኤደን ያደገው አብዱላሂ ቀርሼ ኡድን አስገባበት፤ የሐውድ ምድር ለኢትዮጵያ በተመለሰበት በ1955 ሐርጌሳ ውስጥ የተቋቋመው የቀርሼና የጓደኞቹ ቡድንም ወላሎ ሐርጌሳ፣ ማለትም የሐርጌሳ ወንድማማቾች፣ የሚል ስም ያዘ። ግጥሙን አንዱ፣ ዜማውን ሌላው፣ ድምፁን ሦስተኛው የሚያዋጣበት የሶማሊኛ ዘፈን አሠራር የተደላደለው በዚህ ዘመን ነው። ሥሩ ግን በቆርቆሮው ከበሮ ዙሪያ ከነበረው ቅብብሎሽ ይጀምራል።

አብዲ በ1967 ሲያርፍ ሶማሊኛ በይፋ የሚጻፍበት ፊደል ገና አልነበረውም፤ ፊደሉ የተደነገገው ከ5 ዓመታት በኋላ ነው። በዚህም የተነሣ ከቀደሙት ባልዎዎች የትኛው የአብዲ፣ የትኛው የማኅበርተኞቹ እንደሆነ ለይቶ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻልም። የዘፈኑ ስም እንኳ የተረፈው ለፈጣሪው አይደለም። ኸዲጃ እስከ ዛሬ የምትጠራው ኸዲጃ ባልዎ በመባል ነው።